በረሃ ሲሉሽ መተማን አታስቢ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ። ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው። ሃዋይ፣ ሂሎ በምትባል ከተማ መኖር ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ታኦስ በምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ሥራ አግኝቷል። መስከረም ላይ እንግባ ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ያማከርኩት ሁሉ ‹ከፍታው ይከብድሻል፣ በረሃ ነው፣ በረዶ ነው› ይለኛል። ልጃችን 6 ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ከባሕር ሌላ አታውቅም። ጎንደር ያለችው እናቴ ‹በረሃ ልትገቢ ነው?› ብላ ስልክ ላይ አለቀሰች። እኔም ጓሮዬን፣ ሥራዬን፣ ጓደኞቼን ትቼ ነው የምሄደው። የአባቴ መሰንቆም አለኝ፤ ደረቅ አየር ይሰነጥቀዋል አሉኝ። አብሬው ልሂድ ወይስ እሱ ይቅደምና ይየው? — ደሴቷን የለመደችው»

መልስ

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቤቴ፣ ቀጥሎ ፒያሳ ማኪያቶ አዝዤ። ሁለተኛው ላይ ስልኬን አውጥቼ አንድ ቁጥር ፈለግኩና ብቻዬን ሳቅኩ። አስተናጋጇ «ምን ነካቸው እኚህ ሴትዮ» በሚል ዓይን አየችኝ።

ቁጥሩ ይኼ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,130 ሜትር ላይ ናት። ታኦስ ወደ 2,120። ልዩነቱ የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ያህል ቢሆን ነው። ሰዉ ሁሉ ያስፈራራሽ ከፍታ የተወለድሽበት ከፍታ ነው። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ወርደሽ፣ ማታ ሽቅብ ወደ ቤት ስትመለሺ የተነፈስሽው አየር ማለት ነው።

እንዲህ ስልሽ ግን ከአውሮፕላን ወርደሽ ሩጫ ጀምሪ ማለቴ አይደለም። 9 ዓመት ባሕር ዳር የኖረ ሰውነት (ከተማዋን ማለቴ አይደለም) ደጋውን ይረሳል። ታኦስ ላይ የአየሩ ግፊት ከሂሎው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደረጃ ስትወጪ ታለከልኪያለሽ። ራስሽን ሊያምሽ ይችላል። እንቅልፍ ይቆራረጣል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይለመዳል። ክፉው የከፍታ ሕመም በአብዛኛው የሚመጣው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ከታኦስ በላይ ያለው የበረዶ መንሸራተቻ ሰፈር 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደባርቅ በይው። በመጀመሪያው ሳምንት ወደዚያ እንዳትወጡ። በመንገዳችሁ ላይ አልበከርኪ አለች፤ ወደ 1,600 ሜትር ናት። እዚያ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። ሰውነት በደረጃ ሲወጣ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ዘመዶችሽ «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» ይሉሽ ይሆናል። ፍጹም ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ደም መርምረው ነበር። በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን መጠን ከባሕር ጠለል ሰዎች ብዙም አይለይም። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደም ግን በዚያ ከፍታ ይወፍራል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለወሬም ይመቻል። ልጅሽ ግን ሂሎ ነው የተወለደችው። እሷን እንደ ማንኛውም የቆላ ልጅ ያዣት፤ ውሃ አጠጪያት፣ ስትደክም ተሸከሚያት፣ ትውከትና ከባድ ራስ ምታት ካየሽባት ወደ ሐኪም ውሰጃት።

ለነገሩ መሞከሪያው እደጅሽ ነው። ሂሎ ሆነሽ ቀና ስትዪ የምታዪው ማውና ኬያ ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። የጎብኚዎች ጣቢያው ደግሞ 2,800 ሜትር ላይ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ልጅቷን ይዛችሁ እስከ ጣቢያው ድረስ ብቻ ውጡ። ከዚያ ወደ ላይ ከሕፃን ጋር አይሞከርም። ሻይ ጠጡ፣ ብርዱን ቅመሱት፣ ውረዱ። ልጅቷ ሹራብ ምን እንደሆነ እዚያ ትወቅ።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ።

እኛ ጎንደሬዎች «በረሃ» ስንል ሁለት ነገር ነው የምናውቀው። አንዱ መተማና ሁመራ ነው፤ ሰሊጥ፣ ላብ፣ ወባ። ሌላው «በረሃ ገባ» የምንለው ሰው ነው፤ ጠመንጃውን ይዞ የሸፈተ። እናትሽ ከሁለቱ የትኛውን አስበው እንዳለቀሱ እንጃ፤ ሁለቱም ያስለቅሳል። የታኦስ በረሃ ግን ሦስተኛ ዓይነት ነው። በረሃ ያሰኘው የዝናቡ ማነስ ነው እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ሐምሌ ላይ ቀኑ 30 ዲግሪ ቢደርስ ነው፣ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። በከፍታው ወይና ደጋ፣ በሌሊቱ ውርጭ፣ በዝናቡ በረሃ። በኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ክፍፍል ውስጥ ቦታ የለውም። ለእናትሽ እንዲህ በያቸው፦ «እማ፣ የጎንደር ጥርና የካቲት ዓመቱን ሙሉ ቢሆን፣ ሌሊቱ ላይ ደግሞ በረዶ ቢጨመርበት ማለት ነው።» ወዲያው ይገባቸዋል።

ዝናቡን በቁጥር ላሳይሽ። ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ጎንደራችን ከ1,000 ትንሽ በላይ። ታኦስ ወደ 300። ትንሿም ዝናብ ብትሆን የምትመጣበት ጊዜ ይገርማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በመብረቅና በነጎድጓድ። ልክ እንደኛው ክረምት። እነሱ ክረምት የሚሉት ግን የታኅሣሥና የጥሩን በረዶ ነው፤ ከእናትሽ ጋር ስታወሪ ይኼ ቃል ያምታታችኋል።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቂኝ የሚፈትንሽ መጀመሪያ ከፍታው አይደለም፤ ድርቀቱ ነው። ይኼን ከራሴ ነው የማውቀው። 12 ዓመቴ ላይ አባቴ ከመተማ ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ሙቀት ለምደን፣ በነጠላ ጫማ፣ በጭነት መኪና ወጣን። በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ነሰረኝ። ደብተሬ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ አስተማሪው ልጆቹ የመቱኝ መስሎት ግማሹን ክፍል አንበረከከ። እንዲያ ነው ጓደኛ ያጣሁት። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ መሳቅ አቃተኝ። እናቴ ማታ ማታ ለጋ ቅቤ አፍንጫዬ ጫፍ ላይና ከንፈሬ ላይ ትቀባኝ ነበር። ዛሬ ቫዝሊን በይው፤ ሥራው አንድ ነው። ሂሎ ላይ ፀጉርሽን ቅቤ መቀባት ትተሽ ይሆናል፤ በዚያ እርጥበት ማን ይፈልገዋል። ታኦስ ስትገቢ መልሰሽ ጀምሪ። መኝታ ቤት ውስጥ አየሩን የሚያረጥብ ማሽን አድርጉ። ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ። ፀሐዩ ደግሞ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያታልላል፤ ከፍታ ሲጨምር ጨረሩ ይበረታል፣ በረዶ ሲኖር ከመሬትም ያንፀባርቃል። ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ለልጅቷም ላንቺም።

ድርቀቱ የሚክስሽም አለ። እስኪ ሂሎ ያለውን ቁም ሳጥንሽን ክፈቺው። ስንት ጫማ ሻግቷል? ስንት ቀበቶ አረንጓዴ ሆኗል? ጨውሽ ተጋግሮ፣ በርበሬሽ እርጥበት ስቦ ተጓጉሏል አይደል? ታኦስ ላይ ይኼ ሁሉ ያበቃል። ያጠብሽው ልብስ ምሳ ሳትበዪ ይደርቃል። ይልቅ ልጅሽ የበር እጀታ ስትነካ ቁንጥጥ እያደረጋት ትጮሃለች። ደረቅ አየር የሚፈጥረው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ አይጎዳም። አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ጂን መስሏት እንዳትደነግጥ።

ወጥ ቤቱን ሳልነካ አላልፍም፤ እዚያ ነው ደስታው ያለው። ደባርቅ የገባን ሰሞን እናቴ ባቄላ ለንፍሮ ጣደች። ጠዋት የጣደችው ማታም ድንጋይ ነው። «ይኼ አገር እሳቱም ሰነፍ ነው» አለች። እሳቱ አልነበረም ሰነፉ፣ ውሃው ነው። ከፍታ ላይ ውሃ ሳይግል ይፈላል። ሂሎ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ታኦስና ጎንደር ላይ በ93 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ማታ ይዘፍዘፍ፣ ለክኩም ፕሬዠር ድስት ግዢ። ጀበናውም ቶሎ ይገነፍላል፤ ዓይንሽን አትንቀዪበት። ግን አንድ ነገር አስቢ። እናትሽ የነገሩሽ የማብሰያ ሰዓት ሁሉ የተለካው በዚያው ከፍታ ነው። 9 ዓመት ሂሎ ላይ «የእማዬ ልክ ለምን አይመጣልኝም» ስትዪ ከነበረ፣ አሁን ይመጣልሻል።

እንጀራው ብቻ ትንሽ ያደክምሻል። ሂሎ ላይ በሁለት ቀን የሚቦካው ሊጥ ታኦስ በብርድ ወር አራት ቀንም ይወስዳል። በጋቢ ጠቅልለሽ ሙቀት ያለበት ጥግ አኑሪው፣ እርሾውንም ጨመር አድርጊ። ዓይኑ ያማረ ይወጣል። ጠርዙ ግን አየሩ ቶሎ ያደርቀዋልና ከምጣድ እንደወጣ ሸፍኚው፤ ሰፌድ ላይ አስጥተሽ ወሬ እንዳትጀምሪ። መሶብሽም ሊሰነጣጠቅ ይችላል፣ ከማሞቂያው አርቂው። ጤፍ ኢዳሆ ውስጥ ይበቅላል፤ በፖስታ ታዥዋለሽ፣ ባሕር የሚያቋርጥ ዕቃ ባለመሆኑም ይቀልልሻል።

በርበሬስ? ይኼን ስታዪ እንደምትደውዪልኝ እርግጠኛ ነኝ። ኒው ሜክሲኮ የበርበሬ አገር ነው። መስከረም ላይ ስትገቡ በየሱቁ ደጅ በሚሽከረከር የሽቦ በርሜል አረንጓዴ ቃሪያ በእሳት ሲጠበስ ታገኛላችሁ። ሽታው መንገዱን ይሞላዋል። ቀዩ ደግሞ እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ በየበረንዳው ይንጠለጠላል፣ ይደርቃል። እኛ ሰሌን ላይ እናሰጣለን፣ እነሱ ይሰቅላሉ። ባለቤትሽ መስከረም ማለቱ ሳያውቀውም ቢሆን ልክ ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። ከሰል። ሂሎ ላይ ቡና ስታፈዪ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፣ ነፋሱ ይወስደዋል። ታኦስ ጥር ላይ ቤቱ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። በዚያ ቤት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥዪ። ለቡናም፣ ለዕጣንም፣ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ» ተብሎም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍዪ። ለዕጣኑ እፍኝ ከሰል ከፈለግሽ ደጅ አቀጣጥዪና ደጅ ይጨስ። የዚህን ጋዝ ማንቂያ መሣሪያ ከአልጋ በፊት ግዙት። ቤቱ የእንጨት ምድጃ ካለው ጭስ ማውጫውን ባለሙያ ይጥረግላችሁ። እዚያ የሚነደው እንጨት አንዱ ጽድ ነው፤ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጽድ ጋር የአንድ ወገን ዛፍ። ሽታው ይረብሽሽ ይሆናል፣ በደግ ነው የምልሽ።

የቀረውን የቤት ነገር ባጭሩ፦ ውርጭ ሌሊት ቧንቧው ጠብ ጠብ እንዲል ተዉት፣ አለዚያ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል። የመኪናው ጎማ በብርድ ነፋሱ ይቀንሳል። የበረዶ መንገድ ነድታችሁ ስለማታውቁ ባለቤትሽ ጀግና ልሁን ካለ ቁልፉን ቀሚው።

የልጅቷ ነገር። ልጆች ከኛ ይልቅ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ግን ሂሎ ላይ በባዶ እግሯ ነው ያደገችው። ታኦስ ኩርንችት አለ። አዎ፣ ራሱ ኩርንችት! በየትም በኩል ብትወረውሪው ሁልጊዜ አንድ እሾህ ወደ ላይ የሚያቆመው። የብስክሌት ጎማ ይበሳል። መጀመሪያ ቀን ጫማ ግዢላት። ባሕር ትናፍቃለች፤ «የለም» ብለሽ አትዝጊባት። በመጀመሪያው በረዶ ቀን ከትምህርት ቤት አስቀሪያትና አብራችሁ ውጡ። አስተማሪዋ ከተቆጣች በኔ አሳቢ።

እዚህ ደረስኩና ደብዳቤሽን እንደገና አየሁት። ስለ ከፍታ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ እናትሽ፣ ስለ መሰንቆው ጻፍሽ። መሐል ላይ በአንዲት መስመር ብቻ «ጓሮዬን፣ ሥራዬን፣ ጓደኞቼን ትቼ ነው የምሄደው» አልሽ። የኔ እህት፣ ደብዳቤሽ እኮ እሷ መስመር ናት። ሥራ ያገኘው እሱ ነው። አንቺ እዚያ ምን ታገኛለሽ? ይኼን ባለቤትሽን ጠይቀሽዋል? ወይስ ከፍታውን ምክንያት አድርገሽ ዝም አልሽው?

የደባርቁን ልጨርስልሽ። እናቴ እዚያ ከገባን ሦስት ወር ከቤት አልወጣችም። ብርዱ ነው እንል ነበር። ብርዱ አልነበረም። መተማ ላይ ሻይ ቤት ነበራት፤ ደባርቅ ላይ የአባቴ ሚስት ብቻ ሆነች። አንድ ቅዳሜ ጎረቤት ቤቷን ልታስመርግ ደቦ ጠርታ በራችንን አንኳኳች። «እሜቴ፣ ጭቃ ይችላሉ?» አለቻት። እናቴ ቀሚሷን ሰበሰበችና ጭድ የተነሰነሰበት ጭቃ ውስጥ ገብታ መርገጥ ጀመረች። እስከ ጉልበቷ። የዚያን ቀን ማታ ስትስቅ የሰማኋትን ዛሬም አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ከሰው ተለይቶ አያውቅም።

ይኼን ያነሣሁት ታኦስ የጭቃ ከተማ ስለሆነች ነው። ስድብ አይደለም። ቤቱ በፀሐይ በደረቀ የጭቃና የጭድ ጡብ ይሠራል፣ በጭቃ ይመረጋል። ከከተማዋ አጠገብ ያለው የጥንቱ ነዋሪዎች መንደር፣ ታኦስ ፑዌብሎ፣ ወደ 1,000 ዓመት ገደማ ሰው ሳይለየው የኖረ ባለ ብዙ ደርብ የጭቃ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የኛ ፋሲል ግቢ በ1979 እንደተመዘገበው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለውን የቅዱስ ፍራንቸስኮስን የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ምእመናኑ በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ተሰብስበው ይመርጉታል። ሴት፣ ወንድ፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን። አንቺ ይኼን ሥራ ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ። እነሱ ቤት ዘልቀሽ ለመግባት መታወቂያ አያስፈልግሽም፣ ቀሚስሽን መሰብሰብ ነው።

ሌላም አለ። እዚያ መሬት የሚለማው በመስኖ ቦይ ነው፤ አሴኪያ ይሏቸዋል፣ ከስፔኖች ዘመን የመጡ የጋራ ቦዮች። ውሃውን በተራ የሚያካፍል ሰው በምርጫ ይሾማሉ። ማዮርዶሞ ይሉታል። እኛ አገር ምን እንለዋለን? የውሃ አባት! መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ባለ ድርሻው ሁሉ አካፋ ይዞ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። ቤት ስትከራዩ «ቦይ አለው ወይ? የውሃ ተራ አለው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ሂሎ ላይ ፍሬ ጥለሽ ዞር ስትዪ በቅሎ ይጠብቅሽ ነበር። ታኦስ እንዲያ አይደለም፤ ውርጭ የማይነካው ጊዜ ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም ነው። ፓፓያውን እርሺው። ግን ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመን ይሆናል። ባቄላም ይዘራሉ፣ ከድሮ ጀምሮ። ጓሮሽን ትተሽ አትሄጂም፤ ሌላ ዓይነት ጓሮ ነው የሚጠብቅሽ።

አልዋሽሽም፣ ብቸኝነቱ አይቀርም። ታኦስ 6,500 ሰው ገደማ ነው ያላት። ሐበሻ ባታገኚ አይግረምሽ። ብዙ ሐበሻ ያለበት ዴንቨር የአምስት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው። ሂሎ ሆነሽ ግን ለዚህ ያህል ሰው አውሮፕላን ነበር የምትሳፈሪው። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ ትሄዳላችሁ፤ በረዶ በሌለበት ሰሞን።

«እሱ ይቅደምና ይየው» ስላልሽው፦ አይሆንም። ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። እሱ መስከረም ላይ ቃሪያ እየሸተተው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አገሩን ይወደዋል። ሥራ ቦታ ሰው ይተዋወቃል። አንቺ ጥር ላይ ትደርሻለሽ፤ በጨለማ፣ በበረዶ፣ ሁሉም ሰው ቤቱን ዘግቶ። እሱ ባለ አገር፣ አንቺ እንግዳ። ያኔ ነው የምትጣሉት። አብራችሁ ግቡ፣ አብራችሁ ተደናበሩ። ግን ሦስት ነገር ከመሄድሽ በፊት ተስማሙ። ቤት አትግዙ፣ አንድ ዓመት ተከራዩ። ያንቺ ሥራ ፍለጋ እንደሱ ሥራ ይቆጠር፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብና ልጅ የሚይዝበት ሰዓት ይመደብ። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ «እንቆይ ወይስ እንሂድ» ትባባላላችሁ፤ ያንቺም «አልፈልግም» እንደሱ «እፈልጋለሁ» ይመዝናል። እነዚህን ሦስቱን እምቢ ካለ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ የምመልስልሽ ስለ ከፍታ አይሆንም።

ለእናትሽ አንድ የምሥራች አለሽ። አሁን ሂሎና ጎንደር በ13 ሰዓት ይለያያሉ። አንቺ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሥራ ገብተሽ ስትደውዪ እሳቸው ዘንድ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ቀኑ እንኳ አይገጥምም። ከታኦስ ልዩነቱ በብርዱ ወራት 10፣ በሙቀቱ 9 ሰዓት ይሆናል። በብርዱ ወራት ልጅሽን ለትምህርት ቤት ስታለብሺ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ጎንደር 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። እናትሽ ከሰል አያይዘው ጀበና የሚጥዱበት ሰዓት። ስልኩን ድስቱ አጠገብ አቁሚና አብራችሁ ጠጡ።

መሰንቆው። የነገሩሽ ሰዎች አልተሳሳቱም፣ ግን ግማሹን ነው ያወቁት። ሂሎ ላይ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ረግቦ፣ ድምፁ ጎርንኖ እንደነበር እገምታለሁ። ደረቅ አየር ቆዳውን ይወጥረዋል፤ ድምፁ ይጠራል። አደጋው መድረቁ ድንገት ከሆነ ነው። ቆዳው ሲሳብ፣ እንጨቱ ሲኮማተር፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል። ከመጫንሽ በፊት ጭራውን አላልተሽ ፍቺው፤ የደጋኑንም እንዲሁ። በልብስ ጠቅልለሽ፣ ሳጥን ውስጥ አድርገሽ እጅሽ ላይ ያዢው እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትላኪው። ታኦስ ስትደርሺ ወዲያው አታውጪው። ሳጥኑ ውስጥ፣ ከማሞቂያና ከፀሐይ ርቆ፣ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። በየሁለት ቀኑ ክዳኑን ትንሽ ትንሽ ክፈቺለት። አጠገቡ እርጥብ ስፖንጅ በቀዳዳ ፕላስቲክ አድርጊ፣ ቆዳውን ግን እንዳይነካው። ከዚያ ጭራውን ቀስ ብለሽ ወጥሪና ዕጣን እሺበት። መጀመሪያ ቀን ብዙ አትሳቢው፤ አንድ ዜማ ብቻ ሞክሪና መልሰሽ አላልተሽ አስቀምጪው።